የሊንድበርግን በረራ በሲባጎ እንዴት እንለካለን?

ግሎብ፣ ሲባጎ፣ ማስመሪያና እስክርቢቶ ካላችሁ ይበቃል። ክረምት ገብቶ የሐዋሳ ዝናብ ልጆቹን ቤት ሲያስቀምጣቸው ከስልክ የሚያላቅቃቸው ነገር ከፈለጋችሁ፣ ይኸው። ግሎብ የሌላችሁ ከሰፈር ትምህርት ቤት ተዋሱ፤ ብዙ ጊዜ አቧራ ለብሶ ነው የሚቀመጠው። ሲባጎው ደግሞ የኔ ፈጠራ አይደለም። ከኒውዮርክ ፓሪስ ብቻውን፣ ሳያርፍ የበረረው አሜሪካዊ አብራሪ ቻርልስ ሊንድበርግ ራሱ የኒውዮርክን እና የፓሪስን ርቀት መጀመሪያ የገመተው ሳንዲያጎ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ግሎብ ላይ ሲባጎ ዘርግቶ ነው።

መጀመሪያ ስኬሉን አውጡ። ሲባጎውን በምድር ወገብ ላይ አንድ ዙር አዙሩና ለኩት፤ ያ ርዝመት 40,000 ኪሎ ሜትር ነው። የግሎቡ ወርድ 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ዙሩ 94 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚመጣ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር 425 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል ማለት ነው። በዚህ ሂሳብ ከሐዋሳ አዲስ አበባ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ነው። ልጆቹ ይስቃሉ፤ ይሳቁ።

አሁን አንዱን ጫፍ ኒውዮርክ፣ ሌላውን ፓሪስ ላይ በጣት ይዛችሁ ወጥሩት። በደንብ ወጥሩት፣ ከላላ ልኬቱ ይበላሻል። ሲወጠር ወደ ሰሜን ይሸሻል፤ የካናዳን ዳርቻ ይዞ ኒውፋውንድላንድ ይደርስና ከዚያ ነው ወደ አየርላንድ የሚሻገረው። «ለምን ይዞራል?» ማለታቸው አይቀርም። አልዞረም። ምድር ክብ ስለሆነች አጭሩ መንገድ ይሄ ነው፤ ኮምፓሱን ሳይነኩ አንድ አቅጣጫ ይዘው ቢሄዱ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይጨመራል። ሲባጎው ከ13 ሴንቲ ሜትር ተኩል ትንሽ ይበልጣል፣ 5,800 ኪሎ ሜትር ገደማ።

ችግሩ፣ በአጭሩ መንገድ ለመሄድ አቅጣጫ ቶሎ ቶሎ መቀየር ግድ ነው። ሊንድበርግ መንገዱን በየ160 ኪሎ ሜትሩ ከፋፍሎ በየሰዓቱ ገደማ ኮምፓሱን ያስተካክል ነበር። በትንሽ ግሎብ ይሄ ስለማይታይ እናንተ በየ500 ኪሎ ሜትሩ ምልክት አድርጉ። የሦስት ሰዓት በረራ ያህል ነው።

ቀጥሎ ሰዓቱ። በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1፡52 ተነሳ፣ በማግስቱ ከምሽቱ 4፡22 ፓሪስ አረፈ። ዝም ብላችሁ ብትቆጥሩ 38 ሰዓት ተኩል ይመጣል። የሁለቱ ከተሞች የሰዓት ልዩነት 5 ስለነበር ያንን ቀንሱ፤ 33 ሰዓት ተኩል። ርቀቱን ለዚህ ስታካፍሉ በሰዓት 173 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይወጣል።

ዓመተ ምሕረቱን ስትጽፉ ግን ተጠንቀቁ። ሊንድበርግ የበረረው ግንቦት 12 ቀን 1919 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጆቹ 1927። በፈረንጆቹ 1919 ደግሞ አልኮክና ብራውን የሚባሉ ሁለት እንግሊዞች ከኒውፋውንድላንድ አየርላንድ ሳያርፉ በርረዋል፤ ያ በኛ 1911 ነው። ሁለቱን «1919» ካምታታችሁ አለቀላችሁ። ለዚህም ነው «አትላንቲክን መጀመሪያ የተሻገረው ሊንድበርግ ነው» የሚል ጽሑፍ ሳይ የምናደደው። እሱ የመጀመሪያ የሆነው ብቻውን፣ ሳያርፍ በመሻገሩ ነው። ክብረ ወሰን ስትጽፉ «ብቻውን»፣ «ሳያርፍ»፣ «ከየት እስከ የት» የሚሉትን አትዝለሉ። ያለነሱ ወሬ ነው።

ሁለተኛውን ሲባጎ ለአሜሪካዊቷ አብራሪ ለአሚሊያ ኤርሃርት ያዙ። በ1924 ዓ.ም. አትላንቲክን ብቻዋን የተሻገረች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ሰኔ 1929 ዓ.ም. ደግሞ ዓለምን ልትዞር ተነስታ ከካርቱም ምጽዋ፣ ከምጽዋ አሰብ መጣች፤ ከአሰብ ቀይ ባሕርን ተሻግራ ሳታርፍ ካራቺ ገባች። ይሄንን ራሳችሁ ለኩት። ከዚያ ከፓፑዋ ኒው ጊኒዋ ላዬ እስከ ሃውላንድ ደሴት ወጥሩ፤ እሷና መንገድ መሪዋ ፍሬድ ኑናን የጠፉት በዚህ መስመር ላይ ነው። ሃውላንድን ግሎቡ ላይ ካጣችሁ አትገረሙ፣ ርዝመቷ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ዝናቡ ካባራ አንድ ነገር ይቀራል። የሊንድበርግ አውሮፕላን 1,700 ሊትር ገደማ ነዳጅ ይይዝ ነበር፤ በባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን 85 ማለት ነው። ትልቁ ታንክ ከፊቱ ስለነበር ፊት ለፊት አያይም፣ በጎን መስኮትና በትንሽ ፔሪስኮፕ (በመስታወት ከፊት ያለውን በሚያሳይ ቱቦ) ነበር የሚያየው። ሬዲዮም አልያዘም። እንዲያም ሆኖ አየርላንድ ሲደርስ ከመስመሩ የሳተው 5 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው! ልጁ ፊቱን በካርቶን ይጋርድ፣ የስልክ ኮምፓስ ይያዝ፣ መቶ እርምጃ ወደ ሰሜን ሄዶ የት እንደሚደርስ አስቀድሞ ምልክት ያድርግ። ከዚያ ይሂድ፤ ስንት እርምጃ እንደሳተ ቁጠሩ። አንድ ትልቅ ሰው አብሮት ይራመድ፣ ቦታውም ሰፊ ሜዳ ይሁን። ፍቅር ሐይቅ ዳር እንዳትሞክሩት፣ ጉማሬ አለ።