የሕፃናት ማቆያ ስትመርጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት በሚውሉበት ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ። ከወሊድ ፈቃድ ወደ ሥራ ሊመለሱ የተቃረቡ ወላጆች ክፍላችንን ሊጎበኙ ሲመጡ ስለ ካሜራው፣ ስለ መጫወቻው፣ ስለ ግቢው ስፋት ይጠይቃሉ። ልጃቸውን ቀኑን ሙሉ ስለምታቅፈው ሞግዚት የሚጠይቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። የሦስት ወር ሕፃን ከግድግዳ ሥዕል የሚያገኘው ነገር የለም። የሚያስፈልገው ድምፅዋን የለመደው፣ ሲያለቅስ ፈጥና የምትደርስለት፣ ለቅሶው የረሃብ ይሁን የእንቅልፍ የምትለይ ሰው ናት። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህችን ሰው ከመርሳት ነው።

ቁጥሩን ሰምቶ ማለፍ

«አንዲት ሞግዚት ስንት ሕፃን ትይዛለች?» ብሎ መጠየቅን አብዛኛው ወላጅ ያውቃል። ኃላፊዋም «ሦስት» ወይም «አራት» ትላለች፤ ጥያቄው እዚያው ያበቃል። ይህ በጣም ያናድደኛል፤ ቁጥሩ እንዴት እንደሚሠራ አውቃለሁና። አንዳንድ ቦታ ምግብ አብሳይዋና ጽዳት ሠራተኛዋ ሳይቀሩ እንደ ሞግዚት ይቆጠራሉ። ሌላ ቦታ የትልልቆቹ ልጆች ሞግዚቶች ከሕፃናቱ ሞግዚቶች ጋር ተደምረው ለሁሉም ይካፈላሉ። ጠዋት ላይ ትክክል የነበረው ቁጥርም አንዷ ለምሳ ስትወጣ ይፈርሳል፤ ማምሻው ላይ ደግሞ የሁለት ክፍል ልጆች በአንዲት ሞግዚት እጅ ይጠቃለላሉ።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ዓመት ላልሞላቸው ሕፃናት አንዲት ሞግዚት ከ3 በላይ እንዳትይዝ የሚመክረው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያ በላይ የሚፈቅዱ ሕጎች አሉ፤ ሕግ ፈቀደ ማለት ግን ለሕፃኑ በቃው ማለት አይደለም። ስድስት ሕፃናት የያዘችን ሞግዚት አስቡ። ሁለቱ ርቧቸዋል፣ የአንዱ ዳይፐር ሞልቷል፣ አንዷ ከእንቅልፏ ነቅታ ታለቅሳለች። ሞግዚቷ ክፉ ባትሆንም እንኳ ጡጦውን በተጠቀለለ ጨርቅ አስደግፋ ሕፃኑ አፍ ውስጥ ትታው ትሄዳለች። እንዲህ የተተወ ሕፃን ሊታነቅ ይችላል፤ ለጆሮ ሕመምም ይጋለጣል። ተደግፎ የተተወ ጡጦ ካያችሁ ሌላ ጥያቄ አያስፈልጋችሁም፤ ውጡ።

በቢሮ የተነገራችሁን ትታችሁ ክፍሉ ውስጥ ገብታችሁ በዓይናችሁ ቁጠሩ። «አንቺ ምሳ ስትወጪ ማን ይተካሻል? ማምሻው ላይ ማን ይቀራል?» ብላችሁ ሞግዚቷን ራሷን ጠይቁ። እዚያ ቤት ምን ያህል ጊዜ እንደሠራችም ጠይቋት። ሞግዚቶች ቶሎ ቶሎ በሚለዋወጡበት ማቆያ ሕፃኑ አንዷን ለምዶ ሳይጨርስ ሌላዋ ትመጣለች።

የሚተኛበትን ቦታ ሳያዩ መመለስ

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው የወሊድ ጥበቃ ስምምነት ዝቅተኛውን የወሊድ ፈቃድ 14 ሳምንት አድርጎታል። ብዙ ሕፃናት ወደ ማቆያ የሚገቡት እንግዲህ በሦስትና በአራት ወራቸው ነው። በእንቅልፍ ላይ የሚደርሰው ድንገተኛ የሕፃናት ሞት የሚበዛውም ከ1 እስከ 4 ወር ባለው ዕድሜ ነው። ስለዚህ የመኝታ ክፍሉን በር አስከፍቱ። እያንዳንዱ ሕፃን የራሱ አልጋ አለው? ፍራሹ ጠንካራና ሜዳ ነው? ትራስ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም አሻንጉሊት አልጋው ውስጥ ካለ ችግር አለ። ሕፃናቱ ሁሉ በጀርባቸው መተኛት አለባቸው። በተለይ ቤት ውስጥ በጀርባው መተኛት የለመደ ሕፃን ማቆያ ውስጥ በሆዱ ሲተኛ አደጋው በእጅጉ ይጨምራል።

አንድ አባት ልጁን በመኪና ወንበሩ እንደተኛ አምጥቶ «እባክሽ እንዳይነቃ፣ እንዲሁ ይቆይ» ብሎኝ ያውቃል። የሕፃኑ አገጭ ደረቱ ላይ ወድቆ ነበር። አንገቱ ያልጠና ሕፃን እንዲያ ሲጎብጥ የአየር ቧንቧው ይጠብባል። ማሰሪያውን ፈትቼ አልጋው ላይ በጀርባው አስተኛሁት፤ ነቃ፤ አለቀሰ። አባትየው ቅር አለው። ልጃችሁን እየቀሰቀሰችም ቢሆን ይህን የምታደርግ ሞግዚት ካገኛችሁ አትልቀቋት።

በተቀጠረ ሰዓት ብቻ መጎብኘት

ማቆያው ሲዘጋጅላችሁ ሁሉም ነገር ያምራል። ሁለተኛ ጊዜ ሳትናገሩ ሂዱ፤ ሕፃናቱ በሚመገቡበት ወይም በሚነጫነጩበት ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። አንድ የዳይፐር ቅየራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆማችሁ ተመልከቱ። ሞግዚቷ አንድ እጇን ከሕፃኑ ላይ አታነሣም? ስትጨርስ የራሷንም የሕፃኑንም እጅ ታጥባለች? የቀየረችበትን ቦታ ቀጣዩ ሕፃን ሳይመጣ ታጸዳለች? ደግሞስ እየቀየረች ታናግረዋለች ወይስ እንደ ዕቃ ታገላብጠዋለች? ከዚህች አጭር ጊዜ የምታገኙት መረጃ ከማንኛውም የማስታወቂያ ወረቀት ይበልጣል።

ጡጦን ለመጨረሻው ሳምንት ማቆየት

ጡት ብቻ የለመደ ሕፃን ሰኞ ጠዋት ድንገት ጡጦ አይቀበልም። ወደ ሥራ ከመመለሳችሁ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ጀምሩ፤ ከእናቲቱ ሌላ ሰው ቢያጠጣው ይቀለዋል። የታለበውን ወተት ማቆያው እንዴት እንደሚይዝም ጠይቁ። በክፍል ሙቀት እስከ 4 ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ እስከ 4 ቀን ይቆያል፤ ሕፃኑ ጠጥቶ ያስተረፈው ግን ከ2 ሰዓት በኋላ ይደፋል። ማይክሮዌቭ ውስጥ የሚያሞቁ ከሆነ አስቁሟቸው፤ ወተቱ እኩል ስለማይሞቅ አፍ ያቃጥላል። በጡጦው ላይ ስምና ቀን ጻፉ።

የማቆያውን የመጀመሪያ ቀን ከሥራው የመጀመሪያ ቀን ጋር ማጋጠም

አታድርጉት። ከሳምንት ሁለት ሳምንት በፊት ለአንድ ሰዓት፣ ቀጥሎ ለግማሽ ቀን እያላችሁ አለማምዱት። ስትሄዱም ተደብቃችሁ አትውጡ፤ ስማችሁት፣ ተሰናብታችሁት ሂዱ።

ለሕመም ቀን አለመዘጋጀት

ማቆያ የገባ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ወራት ደጋግሞ ጉንፋን ይይዘዋል። ትኩሳት ያለበትን ልጅ ጥሩ ማቆያ አይቀበልም፤ ያ ቀን ሲመጣ ማን እንደሚቀር ከወዲሁ ተነጋገሩ። ጠዋት የትኩሳት ማስታገሻ አጠጥታችሁ አታምጡት። መድኃኒቱ ቀትር ላይ ኃይሉ ያልቃል፤ ትኩሳቱ ይመለሳል፤ እኛም ምን እንደወሰደ ስለማናውቅ ሌላ ነገር ልንሰጠው አንችልም። እስከዚያው ክፍሉ ሁሉ ተጋርቶታል።

ከፍለናል ብሎ መቆየት

ልጁ በየቀኑ ዳይፐሩ ሞልቶ፣ ቆዳው ቀልቶ ከመጣ፣ ስንት ጊዜ እንደጠጣና እንደተኛ የሚነግራችሁ ከጠፋ ወይም በፈለጋችሁት ሰዓት ገብታችሁ እንዳታዩት ከተከለከላችሁ ወሩ እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ የዚያኑ ዕለት አውጡት።