ቆቃ ላይ ውሃው አረንጓዴ ከመሆኑ በፊት እንዴት ታውቃላችሁ?

በነሐሴ አዋሽን ያየ ሰው ከዚህ የባሰ ውሃ የለም ይላል። ጭቃ ነው፣ ፌስታሉንም ግንዱንም ይዞ ይወርዳል። ለአልጌ ግን (ትምህርት ቤት ዋቅላሚ ሲባል የተማርነው) ነሐሴ ክፉ ወር ነው፤ ደለሉ ብርሃን ይከለክለዋል፣ ጎርፉም ድንጋይ ላይ ከመጣበቁ በፊት ጠርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ መጠርጠር ያለባችሁ ውሃው ሲጠራ ነው።

ክረምቱ ከማሳ ያጠበው ዩሪያ፣ ከአዲስ አበባ በአቃቂ በኩል የሚወርደው ፍሳሽ፣ በሞጆ በኩል የሚመጣውም ተጨምሮ ቆቃ ግድብ ገብቶ ይቀመጣል። መስከረም አልፎ ደለሉ ሲረጋ ፀሐይ ወደ ውስጥ ትገባለች። ምግቡ ቀድሞ ተዘጋጅቷል፣ የጎደለው ብርሃን ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ሥራው። ነጭ የቆርቆሮ ሳህን ፈልጉ (ሳታስፈቅዱ ከጓዳ አታንሱ፣ ነገር ይመጣል)፣ መሃሉን በሚስማር ብሱና ገመድ አስገቡበት፣ ከሥሩ ድንጋይ እሰሩ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁሌም እኩለ ቀን አካባቢ፣ ሁሌም አንድ ቦታ ላይ ቀስ እያላችሁ አውርዱትና ሳህኑ ከዓይን የጠፋበት ቦታ ላይ ገመዱን ቋጥሩ። ቋጠሮው በየሳምንቱ እየራቀ ከሄደ ውሃው እየጠራ ነው። ዝናብ ሳይዘንብ በድንገት ተመልሶ ካጠረ ግን ጭቃ ሳይሆን አልጌ ሊሆን ይችላል።

ምን ዓይነት እንደሆነ ለመገመት ረጅም እንጨት ንከሩ። እንደ ክር እየተንጠለጠለ ከወጣ ብዙ አያስፈራም። እንደ ፈሰሰ ቀለም እንጨቱን ከቀባው ግን ሳይኖባክቴሪያ (እንደ አልጌ በብርሃን የሚያድግ፣ መርዝ ሊያመነጭ የሚችል ባክቴሪያ) ሊሆን ይችላል፣ ቆቃ ላይ የሚታወቀው ማይክሮሲስቲስ የዚህ ወገን ነው። እጃችሁ ላይ ፌስታል አጥልቃችሁ ጠርሙስ ሙሉና ጥላ ውስጥ አሳድሩት፤ ጠዋት አረንጓዴው ከላይ ከተንሳፈፈ ጥርጣሬያችሁ ይጠንክር። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ላቦራቶሪ ነው።

በበጋ ወንዙ ሲቀንስ ፍሳሹን የሚያቀጥን ውሃ የለም፣ ኩሬ ኩሬ ሆኖ የቀረው ይሞቃል። ያኔ ጎህ ሲቀድ ሂዱ። አልጌው ሌሊት ኦክስጅን ስለሚጠቀም ዓሣው ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ከከፈተ ችግሩ ገብቷል ማለት ነው። የበልግ የመጀመሪያ ዝናብ ደግሞ ወራት የተጠራቀመውን ቆሻሻ በአንድ ቀን ያወርደዋል፤ ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣውን ፀሐያማ ሳምንት ጠብቁት።

ቀለም የመሰለውን ውሃ አፍልተን እንጠጣዋለን የሚል አይጠፋም። አይሆንም። ሲፈላ ሴሉ ፈንድቶ መርዙን ይለቃል፣ መርዙ ደግሞ በፍላት አይጠፋም፤ በነጠላ ማጥለልም አያወጣውም። ልጆች አይዋኙበት። ከብቶቹን ወደ ሌላ ውሃ ውሰዱ፣ ሌላ ከሌለ ነፋሱ ከሚነሳበት ዳር አጠጡ፣ ምክንያቱም ነፋስ የተንሳፈፈውን አረንጓዴ እየገፋ የሚከምረው ማዶ ነው። ሰላጣና ጎመን ላይም ከላይ አትርጩት።