ከክረምት ወደ ክፍል፦ መምህር መስከረምን እንዴት ይቀበል?

የትምህርት ቤት በር የሚከፈተው ክረምቱ ሳይወጣ ነው። በአባቶች አቆጣጠር ክረምት የሚያበቃው መስከረም 25 ነው፤ እኛ ግን ጠመኔ የምንጨብጠው ከዚያ በፊት፣ ጭቃው ሳይደርቅ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ብርዱ ይተካል። ስለዚህ መምህር በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ሁለት ጊዜ ወቅት ይሻገራል ማለት ነው። ገና በመጀመሪያው ወር የምንዝለው ለሁለቱም ሳንዘጋጅ ስለምንገባ ይመስለኛል።

በነሐሴ መጨረሻ፦ እንቅልፍና ደመወዝ

ክረምቱን እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ሲተኛ የከረመ ሰው በአንድ ሌሊት 12 ሰዓት መነሳት አይለምድም። ከነሐሴ 28 ጀምረው በየቀኑ 15 ደቂቃ እየቀደሙ ይነሱ፤ በስምንተኛው ቀን፣ ጳጉሜ 5፣ 12 ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። ዘመኑ ሉቃስ ከሆነ ጳጉሜ 6 ቀን ስላላት አንድ ቀን ይተርፍዎታል። መኝታዎንም በዚያው ልክ ያስቀድሙ፣ የከሰዓቱን ቡና ወደ ጠዋት ያምጡት።

በክረምት መርሐ ግብር ሲማሩ ከርመው ከሆነ ችግርዎ ተቃራኒው ነው፤ እንቅልፍ ጎድሎብዎታል። እርስዎ ጳጉሜን ለማንም አይስጡ። ዓመታዊ ዕቅዱ እንኳ ከእንቁጣጣሽ ማግስት ይቆይ።

ደግሞ ጳጉሜ ደመወዝ የላትም። የነሐሴው ደመወዝ እስከ መስከረም ማለቂያ 35 ቀን መድረስ አለበት፤ በመካከሉ እንቁጣጣሽ አለ፣ መስቀል አለ፣ የራስ ልጆች ደብተርና ዩኒፎርም አለ። ደመወዝ በወጣ ዕለት የትራንስፖርቱንና የደብተሩን ለይተው ያስቀምጡ፤ ዶሮው በቀረው ይገዛ። ይህን የምለው የገንዘብ ጭንቀት ተከትሎን ክፍል ስለሚገባ ነው። የተጨነቀ መምህር ልጆቹን ቶሎ ይቆጣል።

በጳጉሜ፦ ድምፅዎን ያሟሹ

አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ እንጀራ ይይዛል። ሁለት ወር ዝግ ብሎ ሲያወራ የከረመ ጉሮሮም እንደዚያው ነው፤ በመጀመሪያው ቀን አምስት ክፍለ ጊዜ፣ 60 ተማሪ ፊት ሲቆም ይቆስላል። በየቀኑ አሥር ደቂቃ ያህል ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡ። የልጅዎ መጽሐፍም ይሁን ዳዊት ለውጥ የለውም።

ክፍል ከገቡ በኋላ ለብ ያለ ውሃ በኮዳ ይያዙ። ለጸጥታ ከመጮህ ጭብጨባ ያስለምዱ፦ እርስዎ ሁለት ጊዜ ሲያጨበጭቡ ተማሪዎቹ ሁለት ጊዜ መልሰው ዝም ይላሉ። ሳምንት ሳይሞላ ይለምዱታል። ጉሮሮ ሲከረክርዎት ጦስኝ በሻይ ያስታግሳል፤ ጎርናናነቱ ከሦስት ሳምንት ካለፈ ግን ሐኪም ይይዎት።

ከሁሉ በላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አብረው አይጩሁ። እኔ በመጀመሪያው ዓመቴ ጮኼ ነበር። ከምሳ በኋላ ባለው ክፍለ ጊዜ ዝናቡ ጀመረ፤ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። በረታ፤ እኔም ጮህኩ። የኋላ ወንበር ልጆች መዳፋቸውን ከጆሯቸው ጀርባ አድርገው ወደ ፊት ዘንበል ብለው ሊሰሙኝ ይታገሉ ነበር። በማግስቱ ስም መጥራት አቅቶኝ የክፍል አለቃው ጠራልኝ። ከዚያ ወዲህ የዝናብ ሰዓት ሥራ ይዤ ነው የምገባው፦ ሰሌዳ ላይ የምጽፋቸው አምስት ጥያቄዎች፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚያነቡት አንድ ገጽ። ዝናቡ ሲቆም ወደ ትምህርቱ እንመለሳለን።

ቦርሳዎ ውስጥ

ጃንጥላ፣ አንድ ጥንድ ደረቅ ካልሲ፣ ለማስታወሻው ፌስታል። ደረቅ ጫማ መምህራን ማረፊያ ክፍል ይተዉ፤ እርጥብ ጫማ አድርጎ እስከ ቀትር መቆም ጉንፋን ባያመጣ እንኳ ትዕግሥት ይጨርሳል። ጠመኔ እርጥበት ከገባው ስለማይጽፍ ክዳን ባለው ጣሳ ይቀመጥ።

በመስከረም፦ ምዕራፍ አንድን አያጣድፉ

በብዙ ቦታ ልጆች ተሟልተው የሚመጡት መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። አንዳንዱ አረም ላይ ነው፣ አንዳንዱ ደብተር የሚገዛለት እየጠበቀ ነው። መምህር ይህን እያወቀ በመጀመሪያው ሳምንት ምዕራፍ አንድን ከጀመረ መስከረም 20 ላይ እንደገና መጀመሩ አይቀርም። ዝም ብሎ መጠበቅም በሰዓቱ የመጡትን መበደል ነው። እኔ የያዝኩት መንገድ ይህ ነው፦ በመጀመሪያው ቀን ከባለፈው ክፍል አሥር ጥያቄ፣ ያለ ማርክ። መልሶቹን ሳይ ክረምቱ ምን እንዳስረሳቸው አውቃለሁ። ሁለቱን ሳምንት የተረሳውን እንከልሳለን፣ ስማቸውንም አጠናለሁ። ዘግይተው የመጡትን ደግሞ ቀድመው ከመጡት አጠገብ አስቀምጣለሁ።

አንድ ዓመት፣ መስቀል ካለፈ በሦስተኛው ቀን፣ አንዲት ልጅ ደብተሮቿን በፌስታል ጠቅልላ በር ላይ ቆመች። እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። «ለምን ዘገየሽ?» ልላት አፌን ከፍቼ ተውኩት። ወንዙ ሞልቶ እንደነበር ጓደኛዋ በኋላ ነገረችኝ። ዘግይቶ ለመጣ ልጅ የመጀመሪያው ቃልዎ «እንኳን መጣህ»፣ «እንኳን መጣሽ» ይሁን፤ ምክንያቱን በእረፍት ሰዓት ይጠይቁ።

ከመስከረም 25 በኋላ፦ ሁለተኛው ሽግግር

ሰማዩ ሲጠራ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ለዚህ ነው፤ አጥንቱ ባይገኝ ትኩስ አጃ ወይም የሽሮ ፍትፍት ሳይበሉ ከቤት አይውጡ። ጠዋት የሚያንዘፈዝፈው አየር ቀትር ላይ ስለሚሞቅ ከአንድ ወፍራም ካፖርት ይልቅ ሁለት ሦስት ስስ ልብስ መደረብ ይሻላል። ቆላ የሚያስተምሩ ከሆነ ዝናቡ ትቶት የሚሄደው ያቆረ ውሃ ወባ ያመጣል፤ አጎበሩን ከመስከረም ጀምሮ ይዘርጉ፣ የሚያተኩሰው ተማሪ ካለ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ።

በገጠር ደግሞ ጥቅምትና ኅዳር አዝመራ ነው፤ ወንበሮች እንደገና ይራቆታሉ። ፈተናዎን ከመመደብዎ በፊት በአካባቢው አጨዳ መቼ እንደሚጀመር ከወላጆች ይጠይቁና ዕቅድዎ ላይ ያስፍሩት።