ኮዬ ፈጬ ያለው ላፕቶፕ ዋይፋዩን ሲረሳ፦ ከውጭ ሆነው ለሚያግዙ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አባቴ ጠረጴዛ ላይ አንድ ላፕቶፕ አለ። የኪራይ ደረሰኙም የግብር ወረቀቱም ስካን ተደርጎ የሚደርሰኝ በእሱ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ የአባባ ስልክ ዋይፋዩን ወዲያው ይይዛል፤ ላፕቶፑ ግን ዝም። «ልጄ፣ ኔትወርኩ እምቢ አለኝ» ብለው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲደውሉ፣ በሐምሌ ወር ዋሽንግተን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። እንቅልፍ እያንገላታኝ ስንት ጊዜ «አጥፍተው ያብሩት» ብያለሁ! ለዚያን ቀን ይሠራል፤ መብራት ሲሄድ እንደገና ያው ነው።

መጀመሪያ የስልካቸውን ዳታ አስጠፉ። በዋትስአፕ እያወራችሁ ጥሪው ከተቋረጠ መልሱን አገኛችሁ፤ ላፕቶፑ ምንም አልበደለም፣ ራውተሩ ወይም መስመሩ ነው። ራውተር መብራት ከመጣለት በኋላ ለመነሳት ጥቂት ደቂቃ ስለሚፈልግ ቡና እስኪፈላ ይታገሱ። ጥሪው ካልተቋረጠ ግን ጣጣው ላፕቶፑ ጋ ነው።

እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሞኘው። ኤኒዴስክ ወይም ቲምቪወር (ኮምፒውተራቸውን ከሩቅ ሆነን የምንከፍትባቸው ፕሮግራሞች) ጭነንላቸው መጥተናል፣ ግን ላፕቶፑ ኔት ከሌለው በምን እንገባለን? የስልኩን ሆትስፖት በዋይፋይ ማብራት ያስገባችኋል፤ ሆኖም የዋይፋዩን ቅንብር መነካካት ስትጀምሩ ራሳችሁን ከቤት ታስወጣላችሁ። ይልቅ የስልኩን ዋይፋይ አጥፍተው ዳታውን መልሰው ያብሩ፤ ስልኩን በቻርጀር ገመዱ ከላፕቶፑ ጋር አያይዘው «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» የሚለውን ያብሩ። የሲም ካርዱ ዳታ በገመድ ስለሚያልፍ ዋይፋዩን እንደፈለጋችሁ ብታፈርሱትም መስመራችሁ አይቋረጥም። ዳታ ይበላልና ጥቅል ቀድማችሁ ሙሉላቸው።

ከገባችሁ በኋላ የዋይፋዩን ስም ነክታችሁ «ኮኔክት አውቶማቲካሊ» የሚለው ላይ ምልክት መኖሩን እዩ። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ እዚሁ ያልቃል። ምልክቱ ካለ፣ «ፎርጌት» ብላችሁ የይለፍ ቃሉን እንደ አዲስ አስገቡ። ቃሉን ሳትይዙ ግን «ፎርጌት» እንዳትነኩ! ማንም ካልቀየረው ራውተሩ ጀርባ ላይ ተለጥፏል፤ ፎቶ አንስተው ይላኩላችሁ። የልጅ ልጅ ስልክ ሆትስፖት እዚያው ተመዝግቦ ከሆነም አጥፉት፣ ላፕቶፑ ወደዚያ እየሄደ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ዲቫይስ ማናጀር (የዊንዶውስ የዕቃዎች ዝርዝር) ውስጥ የዋይፋይ ካርዱን ክፈቱና «ፓወር ማኔጅመንት» ስር፣ ባትሪ ለመቆጠብ ካርዱን ማጥፋት የሚፈቅደውን ምልክት አንሱ። ከእንቅልፍ ሲነሳ ኔት የሚረሳ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ በዚህ ይድናል።

እኔን ግን ይህ ሁሉ አላዳነኝም። ላፕቶፑን የላክሁት ከአሜሪካ ነበር። አሜሪካ የሚሸጡ ብዙ ኮምፒውተሮች በ2.4 ጊጋኸርዝ የዋይፋይ ሞገድ ከቻናል 11 በላይ አያዩም (ቻናል ማለት ራውተሩ የሚያሰራጭበት፣ ቁጥር የተሰጠው የሞገድ መስመር ነው)። የአባባ ራውተር ደግሞ ቻናል የሚመርጠው በራሱ ነው፤ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ ይመርጣል። 12 ወይም 13 ላይ ሲቀመጥ ስሙ ከላፕቶፑ ዝርዝር ጭራሹን ይጠፋል፣ አገር ቤት የተገዛው የአባባ ስልክ ግን ያየዋል። «አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም» ሲሉኝ የነበረው ለካ እውነታቸውን ነው። የራውተሩን ቅንብር ከፍቼ ቻናሉን 6 ላይ አሰርኩት (1 ወይም 11 ቢሆንም ያው ነው)።

አገር ቤት ስትሄዱ ለራውተሩ ሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ እንዳይጠፋ የሚያቆየው ትንሽ ባትሪ) ግዙለት። ከመግዛታችሁ በፊት የራውተሩ አስማሚ ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር አንብቡ፤ ብዙዎቹ 12 ቮልት ናቸው፣ 9 ቮልት የሚፈልጉም አሉ። ኤኒዴስክ ላይም ቋሚ የይለፍ ቃል አስገቡ፤ አለዚያ በገባችሁ ቁጥር አባባ መነጽራቸውን ፈልገው «አክሰፕት» የምትለዋን እስኪነኩ ትጠብቃላችሁ።