ሲያትል ዓሣ ልታጠምዱ ነው? መጀመሪያ እስክሪብቶ ያዙ

"ፒየር ላይም ላይሰንስ ይጠየቃል እንዴ?"

ከፒየር፣ ማለትም ወደ ባህሩ ከተዘረጋው መድረክ ላይ፣ ለማጥመድ ላይሰንስ (የማጥመድ ፈቃድ) ያስፈልግ እንደሆነ ስንት ሰው እንደጠየቀኝ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። ባለፈው ቅዳሜ ከካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ ጠቅልሎ የመጣ ልጅ የቅጣት ወረቀቱን ይዞ ቤቴ መጣ። በቃ፣ አንዴ ጽፌው ልገላገል አልኩ።

ልጁ ላይ አልፈርድም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ባህር ላይ በተሠራ የሕዝብ ፒየር ያለ ላይሰንስ ማጥመድ ይፈቀዳል። ዋሽንግተን ስቴት ግን ሌላ አገር ነው። 15 ዓመት የሞላው ሰው ከፒየርም ያጥምድ፣ ከጀልባም፣ ከወንዝ ዳርም፣ ላይሰንስ መያዝ አለበት። ሀዋሳ ላደገ ሰው ይህ እንደሚከብድ ይገባኛል። ሲባጎና መንጠቆ ይዘን ቆሮሶ ስናወጣ ማን ወረቀት ጠየቀን?

ላይሰንሱ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። የባህሩ ለብቻ ነው፣ የወንዝና የሐይቁ ለብቻ፣ የክራብና (የሸርጣንና) ባለ ብዙ እጁ የስኩዊዱም ለብቻ። ሦስቱን የሚያጠቃልለው ኮምቢኔሽን ይባላል። አዘውትራችሁ የምትወጡ ከሆነ እሱን ግዙና ተገላገሉ። ዓመቱ የሚቆጠረው ከኤፕሪል 1 እስከ ማርች 31 ነው። በየካቲት ገዝቶ "ገና አንድ ወር ሳልጠቀምበት ተቃጠለ" ብሎ የሚያለቅስ ሰው በየዓመቱ አላጣም። የነዋሪ ዋጋ ለማግኘት ደግሞ ስቴቱ ውስጥ 90 ቀን መኖር ያስፈልጋል። ቶሎ ለማውጣት ብላችሁ ቀን አትጨምሩ። ውሸት የተሞላ ፎርም ከዋጋው ልዩነት በላይ ያስከፍላል።

አሁን ወደ እኔ ጉድ።

ለሳልመን፣ ለስቲልሄድና ለጥቂት ሌሎች ዓይነቶች ከላይሰንሱ ሌላ አንድ ካርድ ይሰጣችኋል። የያዛችሁትን የምትመዘግቡበት ነው። ልጆች ላይሰንስ አይጠየቁም፣ ይህ ካርድ ግን ለእነሱም ያስፈልጋቸዋል፣ ያውም በነጻ ነው። እኔ ካርዱ ነበረኝ። በደንብ አጣጥፌ የመኪናዬ ኪስ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ሴፕቴምበር ውስጥ አንድ ማለዳ የመጀመሪያዬን ኮሆ (አንድ የሳልመን ዓይነት ነው) አወጣሁ። እጄ ይንቀጠቀጣል። ዓሣው ባልዲው ውስጥ ሲንደፋደፍ ጅራቱ ውሃ ይረጨኛል። አጠገቤ የነበሩት የፊሊፒንስ ሽማግሌ እጄን ጨበጡኝ። ለሚስቴ ቪዲዮ ላክሁ። ከዚያ መንጠቆዬን መልሼ ወረወርኩ። ካርዱን? "እጄ አተላ ነው፣ እስክሪብቶም የለኝም፣ ቤት ስገባ እሞላዋለሁ" አልኩ።

ሃያ ደቂቃ አልሞላም፣ የማጥመድ ሕግ የሚያስከብረው ኦፊሰር መጣ። ላይሰንሴን አየ። "ካርዱስ?" አለ። ሮጬ ከመኪናዬ አመጣሁለት፣ ባዶ ነው። ቅጣቱን በግማሽ ቀን ደሞዜ ተገላግዬው ቢሆን ደስ ባለኝ። ከዚያ በላይ ነው የከፈልኩት።

ሕጉ የሚለው "ወዲያው" ነው። ዓሣውን ላስቀረው ብላችሁ እንደወሰናችሁ፣ መንጠቆውን እንደገና ከመጣላችሁ በፊት ጻፉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ካልጻፍክ ነገም በዚያው ባዶ መስመር ሌላ ትይዛለህ፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። ኦፊሰሩ የሰውን ልብ አያይም፣ ወረቀቱን ነው የሚያየው። እስክሪብቶና ካርድ በፕላስቲክ ከረጢት አድርጋችሁ ደረት ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ። መኪና ውስጥ አይደለም!

ቲኬት ከመጣባችሁ ደግሞ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ጥላችሁ አትርሱት። አንዳንዱ ገንዘብ ብቻ ነው፣ አንዳንዱ ግን ወንጀል ሆኖ ይመዘገባል። ወደፊት ዜግነት ስታመለክቱ ፎርሙ እንዲህ ያለ ነገር ይጠይቃል። ለአንድ ዓሣ ብሎ ጠበቃ መፈለግ የሚያሳፍር ነገር ነው።

ቀጥሎ ክንፏ። ሳልመን ጀርባው ላይ፣ ወደ ጅራቱ ጠጋ ብላ፣ ትንሽ ሥጋማ ክንፍ አለችው። መንግሥት አርብቶ የለቀቀው ከሆነ ይህች ክንፍ በልጅነቱ ትቆረጣለች፣ ቦታዋ ላይ የዳነ ጠባሳ ታያላችሁ። ክንፏ ካለች ዓሣው እንደ ዱር ይቆጠራል። ብዙ ቦታ፣ በተለይ ቺኑክ የሚባለው የሳልመን ዓይነት ከሆነ፣ የዱሩ ይለቀቃል። ወንዝ ላይ የሚለቀቀውን ሳልመን ለፎቶ ብሎ ሙሉ በሙሉ ከውሃ ማውጣትም ክልክል ነው። ዓሣው ሳይጎዳ እንዲለቀቅም ነው መንጠቆው ጫፍ ላይ ወደ ኋላ የምትመለሰዋን እሾህ በፒንሳ የምንጨፈልቃት። ፒዩጀት ሳውንድ (ሲያትል ዳር ያለው ባህር) ላይ ሳልመን የምታጠምዱ ከሆነ ግዴታ ነው።

"ሲያትል ውስጥ በሚያልፈው ዱዋሚሽ ወንዝ ላይ መረብ የዘረጉ ሰዎች አይቻለሁ፣ እኔስ?" የሚለኝም አለ። እነሱ የአገሩ ነባር ሕዝቦች ናቸው። መሬታቸውን ሲያስረክቡ በ1850ዎቹ በተፈራረሙት ውል የማጥመድ መብታቸውን አስቀርተዋል። በ1974 ፌዴራል ዳኛው ጆርጅ ቦልት ሊጠመድ ከሚችለው ዓሣ ግማሹ የእነሱ ድርሻ ነው ብሎ ፈረደ። እናንተ ዘንግ፣ እነሱ መረብ። እዚያ ላይ ክርክር አትግጠሙ።

ዓመቱን ሙሉ የሚያዝ ነገር አይጠፋም። ኦገስትና ሴፕቴምበር ኮሆ ነው። ጎዶሎ ቁጥር በሆነ ዓመት ፒንክ ሳልመን ግሪንና ፑያለፕ ወንዞችን ያጥለቀልቃል፣ ለጀማሪ ከእሱ የሚሻል የለም። ኖቬምበር ላይ ቸም የሚባለው ሳልመን ይመጣል። ከዚያ ክረምቱ ሲጨልም ሰዉ ማታ ማታ መብራት ይዞ ፒየር ላይ ስኩዊድ ያወጣል። ሲክረስትም ኤድመንድስም ዲሞይንም ብትሄዱ ታዩታላችሁ። ባህሩ ሲዘጋ ሌክ ዋሽንግተን አለ። ግን ቀኖቹን ከእኔ አትውሰዱ። የስቴቱ የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት በወቅቱ መሃል ድንገት ይዘጋል፣ ይከፍታል፣ ቁጥር ይቀንሳል። አንዳንዴ ሆን ብለው የሚያሰለቹን ይመስለኛል። ስልካችሁ ላይ ፊሽ ዋሽንግተን የሚባለውን አፕ ጫኑና ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት እዩት። "ጓደኛዬ ክፍት ነው ብሎኝ" የሚለውን ኦፊሰሩ ሺህ ጊዜ ሰምቶታል።

አንድ የማልቀልድበት ነገር፦ ከዱዋሚሽ ታችኛው ክፍል ክራብ፣ ዛጎልና እዚያው የሚኖር ዓሣ አትብሉ። ወንዙ የፋብሪካ ቆሻሻ ለዓመታት የጠጣ ነው። በ2001 በፌዴራል ደረጃ ከሚጸዱት የተበከሉ ቦታዎች ዝርዝር ገብቷል። ሳልመን አላፊ አግዳሚ ስለሆነ ይሻላል። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ያለበት ቤት ይህን ደጋግሞ ያንብበው።

ስለ ጾም የምትጠይቁኝ ደግሞ ንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን እኔ አልፈታውም። ሳልመን ክንፍም ቅርፊትም አለው፣ ስለዚህ በፍስክ ቀን ማንም አይከራከርበትም፣ በአዋዜ ለብለብ ሲደረግማ አትጠይቁኝ። ስኩዊድና ክራብ ግን የእኛ ቤት አይገቡም። የማወጣውን ስኩዊድ ሁሉ ለቬትናማዊት ጎረቤቴ ነው የምሰጣት፣ እሷም በምላሹ የጓሮ ቃሪያ ትሰጠናለች። የስኩዊድ የቀን ገደብ ለአንድ ሰው 10 ፓውንድ ነው። እያንዳንዱ ሰው የያዘውን በየራሱ ዕቃ ማስቀመጥ አለበት፣ ከጓደኛ ጋር መደባለቅ አይቻልም።

ስለዚህ ከእኔ ጋር ለመውጣት የምትደውሉልኝ፣ ባልዲ አላውስም።