መስኮቶችን ጎን ለጎን ማንጠፍ፦ አይ3ን ለአማርኛ ሥራ እንዴት እናዘጋጃለን?

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ከጠዋት እስከ ማታ ሥራዬ ያው ነው፤ ደንበኛ በእጁ የጻፈውን ያመጣል፣ ስካን አደርገዋለሁ፣ ከዚያ ምስሉን እያየሁ እገለብጠዋለሁ። ለዓመታት ያስቸገረኝ ግን መጻፉ አልነበረም። የጽሑፉ መስኮት ምስሉን ይሸፍነዋል፣ ምስሉን ስጠራው ጽሑፉ ይጠፋል። አንድ ቀን ለአንድ ገጽ ማመልከቻ እጄ ስንት ጊዜ ወደ ማውስ እንደሚሄድ መቁጠር ጀመርኩና 40 ላይ ስደርስ ተውኩት።

መፍትሔ የሆነኝ በሊኑክስ ላይ የሚሠራ «ታይሊንግ» የሚባለው የመስኮት አስተዳዳሪ ነው። መስኮት አስተዳዳሪ ማለት የከፈትናቸው ፕሮግራሞች በስክሪኑ ላይ የት እንደሚቀመጡ የሚወስነው ሶፍትዌር ነው። የለመድነው ዓይነት መስኮቶችን እንደ ወረቀት ክምር ይደራርባቸዋል። ይህኛው እንደ ወለል ሴራሚክ ያነጥፋቸዋል፤ አንድ መስኮት ብቻ ካለ ስክሪኑን ሞልቶ ይይዛል፣ ሁለተኛው ሲመጣ እኩል ይካፈላሉ። የሚታዘዘውም በአብዛኛው በቁልፍ ሰሌዳ ነው።

ዓይነቱ ብዙ ነው። እኔ የምመክረው ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውንና ሚካኤል ስታፐልበርግ የሠራውን አይ3 ነው። ለአሮጌ ኮምፒውተር አይከብድም፣ ማዋቀሪያው አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ዌይላንድ በሚባለው አዲሱ የሊኑክስ የስክሪን ሥርዓት ላይ መሥራት የሚፈልግ ሰው ስዌይ የሚባለውን ቢወስድ ከዚህ የሚማረው አብዛኛው ነገር እዚያም ያገለግለዋል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ትዕዛዞቹን እዚህ በፊደላችን እጽፋቸዋለሁ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ግን በላቲን ፊደል ነው የሚገቡት።

መጫንና መግባት

ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን የሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ካሏችሁ ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) ከፍታችሁ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል አይ3» ብላችሁ ጻፉ። በመጨረሻው ቃል ፊደሉና ቁጥሩ ያለ ክፍተት ይያያዛሉ። ፕሮግራም መጥሪያው ዲሜኑ፣ የግርጌውን መረጃ የሚያቀርበው አይ3ስታተስና ስክሪን መቆለፊያው አይ3ሎክ አብረው ይገባሉ። የቀድሞው ዴስክቶፕ አይጠፋም፤ ካልወደዳችሁት ወደ እርሱ ትመለሳላችሁ።

አሁን ከአካውንታችሁ ውጡ። የመግቢያው ገጽ ላይ ስማችሁን ስትነኩ በስክሪኑ ጥግ ከሚታየው የጥርሳማ ጎማ ምልክት አይ3ን መርጣችሁ ግቡ። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ጥያቄ ይቀርብላችኋል። ማዋቀሪያ ፋይል ይፈጠር ወይ ሲል «አዎ» በሉ። የማዘዣ ቁልፋችሁ የትኛው ይሁን ሲል የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ምረጡ። አልትን የመረጠ ሰው ይጸጸታል፤ የሊብረኦፊስ (የሰነድ መጻፊያው ፕሮግራም) ዝርዝሮች የሚከፈቱት በአልት ስለሆነ ሁለቱ ይጋጫሉ።

ከዚያ በኋላ የምታዩት ባዶ ስክሪንና ከግርጌው ቀጭን አሞሌ ብቻ ነው። እኔ ይህን የጀመርኩ ቀን ማመልከቻ ሊያስጽፉ የመጡ አንድ አዛውንት ጨለማውን ስክሪን አይተው «ልጄ፣ ሞተብህ እንዴ?» አሉኝ። «የለም አባቴ፣ ትእዛዝ እየጠበቀ ነው» አልኳቸው እንጂ እኔም ልቤ አላረፈም ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት

ከዚህ በታች «ማዘዣ» የምለው ያንን የመረጣችሁትን ቁልፍ ነው። ማዘዣና ኢንተር ተርሚናል ይከፍታል። ማዘዣና ዲ ከላይ በኩል የፕሮግራም መጥሪያ ያመጣል፤ የፕሮግራሙን ስም መጀመሪያ ጽፋችሁ ኢንተር መምታት ነው። ማዘዣ፣ ሺፍትና ኪው መስኮት ይዘጋል። ማዘዣ ከቀስቶቹ ጋር ከመስኮት ወደ መስኮት ያሻግራል፣ ሺፍት ሲጨመርበት መስኮቱን ራሱን ያንቀሳቅሰዋል። ማዘዣና ኤፍ ስክሪኑን ሙሉ ለአንዱ ይሰጠዋል፣ ሲደገም ይመልሰዋል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው አከፋፈሉ ላይ ነው። መስኮት የሚከፈለው ቀጣዩ ከመከፈቱ በፊት በምትሰጡት ትእዛዝ ነው። የስካኑን ምስል ከፍቻለሁ እንበል። ማዘዣና ኤች ብዬ ሊብረኦፊስን ስጠራው ከምስሉ በስተቀኝ ይገባል፤ ማዘዣና ቪ ብዬ ብጠራው ከሥሩ ይገባል። ለእጅ ጽሑፍ ግልበጣ የምወደው ከላይና ከታች ማድረጉን ነው፤ የማነበው መስመር ስክሪኑን ሙሉ በወርዱ ስለሚይዝ ፊደሉ ይጎላልኛል። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያሳርሙ ተማሪዎች ሲመጡ ግን አሮጌውና አዲሱ ቅጂ ጎን ለጎን ይሁኑ። አንደኛው ሰፋ እንዲል ማዘዣና አር ተጫኑ፣ በቀስቶቹ ለኩት፣ በኢንተር ውጡ።

ቁጥሮቹ ደግሞ የሥራ ገጾች ናቸው። ማዘዣና 2 ወደ ሁለተኛው ገጽ ይወስዳችኋል፤ ሺፍት ከጨመራችሁ መስኮቱ ራሱ ወደዚያ ይሄዳል።

ለአንድ ሳምንት ከዚህ በላይ ምንም አትንኩ። ኢንተርኔት ላይ ያማሩ ስክሪኖች አይቶ በመጀመሪያው ሌሊት የሰው ማዋቀሪያ እንዳለ የሚገለብጥ ሰው፣ በሦስተኛው ቀን የማያውቀው ቁልፍ የማያውቀውን ነገር ሲያደርግበት ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል።

አማርኛው

ለእኛ ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። ማዋቀሪያው ያለው በቤት ፎልደራችሁ ውስጥ፣ «ነጥብ ኮንፊግ» በሚባለው ድብቅ ፎልደር ሥር፣ አይ3 የሚል ፎልደር ውስጥ ነው፤ የፋይሉ ስም ኮንፊግ ይባላል።

መጀመሪያ የአማርኛ ፎንት እንዳለ አረጋግጡ፤ ከሌለ በፊደሉ ቦታ አራት ማዕዘን ሳጥኖች ይደረደራሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ይበቃል። በፋይሉ መጀመሪያ አካባቢ «ፎንት» የሚለው መስመር መጨረሻ ላይ 8 ቁጥር አለ። ለላቲን ይበቃ ይሆናል፣ ለአማርኛ ግን ያንሳል፤ በዚያ መጠን ጸ እና ጻን መለየት ዓይን ያደክማል። 11 አድርጉት።

ለመጻፍ የመጻፊያ ቋንቋ የሚቀይረውን አይባስን፣ የየቋንቋውን የአጻጻፍ ስልት ከያዘው ከኤም17ኤን ጋር ጫኑና በአይባስ ማስተካከያ ውስጥ ከአማርኛ ሥር ሴራ የሚለውን ጨምሩ። ሴራ በላቲን ፊደላት የመጻፊያ ስልት ነው፤ «ጂ፣ ኦ፣ ኤን፣ ዲ፣ ኢ፣ አር» ስትመቱ «ጎንደር» ይወጣል። ትንሽና ትልቅ የላቲን ፊደል የተለያየ ድምፅ ስለሚሰጡ መጀመሪያ ላይ ያደናግራል፣ በሳምንት ውስጥ ግን ጣት ይለምደዋል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ እኔን ግማሽ ቀን አባክኖብኛል። አይባስ ቋንቋ የሚቀይረው በዊንዶውስ ቁልፍና በስፔስ ነው። አይ3 ያንኑ ጥምረት ለሌላ ሥራ ይዞታል፣ በተነጠፉትና በተንሳፈፉት (ሳይነጠፉ ከላይ በሚቀመጡት) መስኮቶች መካከል ለመሻገር። ስለዚህ ቁልፉ ይመታል፣ ቋንቋው አይቀየርም፣ ሰውየው ኮምፒውተሩን ይረግማል። በአይባስ ማስተካከያ ውስጥ መቀየሪያውን ወደ ኮንትሮልና ስፔስ አዙሩት፣ ጠቡ ያበቃል።

አይባስን ትታችሁ ሁለት የቁልፍ ሰሌዳ አቀማመጥ «ሴት ኤክስ ኬቢ ማፕ» በሚባለው ትእዛዝ የምትጠቀሙ ከሆነም እንግሊዝኛው ቀድሞ፣ አማርኛው ተከትሎ ይጻፍ። አይ3 የቁልፎቹን ትርጉም የሚያነበው ከመጀመሪያው አቀማመጥ ነው። አማርኛው ከቀደመ ኪው እና ዲ የሚባሉትን ፈልጎ አያገኛቸውም።

የገጾቹ ስምና ሰዓቱ

በፋይሉ ውስጥ «ሴት» ብለው የሚጀምሩ፣ ከ1 እስከ 10 የተቆጠሩ መስመሮች ታገኛላችሁ። በትእምርተ ጥቅሱ ውስጥ ካለው 1 ቀጥሎ ሁለት ነጥብና «ጽሕፈት» ብላችሁ ጨምሩ፣ 2 ላይ «ኢንተርኔት»፣ 3 ላይ «ኅትመት»። ማዘዣ፣ ሺፍትና አር ስትጫኑ አይ3 የከፈታችሁትን ሳይዘጋ ራሱን ያድሳል፤ ከዚያ በኋላ የምትከፍቷቸው ገጾች ስማቸውን በአማርኛ ይዘው ግርጌ ላይ ይታያሉ።

ከሁሉ ደስ ያሰኘኝ ሰዓቱ ነው። የአይ3ስታተስ ፋይል ኢቲሲ በሚባለው ፎልደር ውስጥ አለ፤ በቤት ፎልደራችሁ ድብቅ ኮንፊግ ሥር አይ3ስታተስ የሚል ፎልደር ፍጠሩና «ኮንፊግ» በሚል ስም ወደዚያ ገልብጡት። በውስጡ «ቲዜድታይም ሎካል» የሚል ክፍል አለ። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከፈረንጆቹ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ኢትዮጵያ ከግሪኒች በ3 ሰዓት ስለምትቀድም የእኛ አቆጣጠር ከግሪኒች በ3 ሰዓት የሚዘገይ የሰዓት ሰቅ ማለት ነው። ስለዚህ «ታይምዞን» የሚል መስመር ጨምሩና ዋጋውን «ኢቲሲ ስላሽ ጂኤምቲ ፕላስ 3» አድርጉ። ፕላስ መሆኑ አያስደንግጣችሁ፣ በእነዚህ ስሞች ምልክቱ የተገለበጠ ነው። «ፎርማት» በሚለው ላይ ቀኑን ሰርዙ፣ ለሰዓቱ ትልቁን ኤች በትልቁ አይ ተኩ፣ 12 ሰዓት ቆጣሪ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ «ስንት ሰዓት ሆነ?» ሲለኝ ሳልቀንስና ሳልደምር ከስክሪኑ አነባለሁ። እግረ መንገዳችሁንም ባትሪና ዋይፋይ የሚሉትን መስመሮች ከ«ኦርደር» ዝርዝር አውጧቸው፤ የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ባትሪ እንደሌለው በየሰከንዱ ሊነግረን አይገባም።

ስለ ማስዋብ አጭር ነገር ልበል። በ2023 እ.ኤ.አ. ከወጣው የአይ3 4.22 ቅጂ ጀምሮ በመስኮቶች መካከል ክፍተት መተው ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ይቻላል፤ «ጋፕስ ኢነር 8» ማለት ነው። በትልቅ ስክሪን ያምራል፣ በእኔ ዓይነቱ ላይ ቦታ ማባከን ነው። «ዲፎልት ቦርደር ፒክስል 2» የሚለው ግን የመስኮቶቹን ራስጌ አጥፍቶ ቀጭን ጠርዝ ብቻ ስለሚያስቀር ለጽሑፍ አንድ ሁለት መስመር ቦታ ይተርፋል።

መብራት ሲሄድ

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሁሉን እንደገና መክፈት የሰለቸው ሰው፣ ለየፕሮግራሙ «ኤግዜክ» ብሎ የሚጀምር መስመር በፋይሉ መጨረሻ ይጻፍ፤ ሲገባ በራሳቸው ይነሣሉ። «አሳይን» የሚለው መስመር ደግሞ እያንዳንዱን ወደ ገጹ ይልከዋል። ለዚህ የፕሮግራሙ የውስጥ ስም ያስፈልጋል፤ ተርሚናል ላይ «ኤክስፕሮፕ» ብላችሁ መስኮቱን ስትነኩ ከሚወጣው ዝርዝር ውስጥ ደብልዩኤም ክላስ ከሚለው ጎን ሁለተኛውን ቃል ውሰዱ። ትልቅና ትንሽ ፊደሉ እንዳለ ይሁን።

በጥምቀት ሰሞን ከተማው በእንግዳ ሲሞላ ቤቴም ይሞላል፣ ኮምፒውተሩን ጥዬ ወደ ፎቶ ኮፒው ስዞር የሰው ፋይል ክፍት ይቀራል። ለዚህ ማዘዣ፣ ሺፍትና ኤክስ «አይ3ሎክ»ን እንዲጠራ ቁልፍን ከትእዛዝ ጋር የሚያያይዝ አንድ የ«ባይንድሲም» መስመር ጨምሬያለሁ፤ የይለፍ ቃል ሳይገባ ስክሪኑ አይከፈትም።

ፋይሉን ስትነካኩ ስሕተት ከገባ ከላይ ቀይ ማሳሰቢያ ይወጣል፤ ከእርሱ ላይ ስሕተቱን ለማየት የሚያስችል ቁልፍ አለ። ከማደሳችሁ በፊት ተርሚናል ላይ «አይ3» ብላችሁ ክፍተት፣ ሰረዝና ትልቁን ሲ ብትጽፉም ፋይሉን ፈትሾ ብቻ ይመለሳል። እኔ ከእያንዳንዱ ለውጥ በፊት አሮጌውን ፋይል በቀኑ ስም ፍላሽ ላይ እገለብጠዋለሁ፤ ፍላሹ ከሒሳብ ደብተሩ ጋር መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል።