የክፉ ቀን ስንቅ፦ ከወር አስቤዛችን ላይ ቀስ በቀስ እንዴት እናጠራቅም?

ለታኅሣሥ 26 ቀን 2017 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው፣ አልጋችን ተወዛወዘ። በአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ነበር። ልጆቹን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ከአራተኛ ፎቅ ወረድን። የኮንዶሚኒየሙ ግቢ በሰው ተሞልቷል። ትንሿ ልጄ "ውሃ ጠማኝ" አለች። እኛ አንድ ሃይላንድ ውሃ እንኳን አልያዝንም። ቤት ያሉት ጀሪካኖችም ባዶ ነበሩ፤ የውሃ ፈረቃችን በማግስቱ ነበር። ከጎናችን የቆሙ እናት ከፌስታላቸው ውሃና ቆሎ አውጥተው "እንኪ የኔ ልጅ" አሏት። ሁልጊዜ ማታ በር አጠገብ አስቀምጠው እንደሚተኙ ነገሩን።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ማጠራቀም ጀመርኩ። ዛሬ አምስት ሰው ለሦስት ሳምንት የሚያበላ እህል ቤታችን አለ። ለዚህ ብዬ በአንድ ጊዜ ትልቅ ገንዘብ ያወጣሁበት ቀን የለም። እንዴት እንደሠራሁት ልንገራችሁ።

1. በውሃ ጀምሩ

ምግብ አንድ ቀን ቢጠፋ ይቻላል። ውሃ ግን አይቻልም። ለአንድ ሰው ለመጠጥና ለማብሰያ በቀን 4 ሊትር ያዙ። አምስት ሰው ለሦስት ቀን 60 ሊትር ነው፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሦስት ማለት ነው። ይህን ከሞላችሁ በኋላ ለሽንት ቤትና ለዕቃ የሚሆነውን ለብቻ ጨምሩ።

ጀሪካኑ ምን እንደነበረበት እወቁ። የምግብ ዘይት የነበረበት በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግሞ ከታጠበ ይሆናል። ቀለም፣ ኬሚካል ወይም ነዳጅ የነበረበትን ግን ለመጠጥ አትንኩት። የተሞላበትን ቀን በፕላስተር ጽፋችሁ ለጥፉ፣ ከፀሐይ አርቁት። ፈረቃ በመጣ ቁጥር የቆየውን ለልብስ አውሉትና አዲስ ሙሉ።

ውሃው ካጠራጠራችሁ አፍሉት። አዲስ አበባና ሌሎች ደጋ ከተሞች ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ይበልጣሉ። ከፍታ ላይ ውሃ ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሚፈላ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ውሃ አጋር የምትጠቀሙ ከሆነ ልኩን ከጠርሙሱ ላይ አንብባችሁ ጨምሩና 30 ደቂቃ ጠብቁ።

2. ቤታችሁ የሚበላውን ጻፉ

አንድ ወር ሙሉ ደብተር ያዙ። ሽሮው የተከፈተው መቼ ነው? ያለቀውስ? አንድ ኪሎ ምስር ክክ ስንት ቀን ሄደ? የእኛ ቤት ኩንታል ጤፍ ሁለት ወር ገደማ ያደርሰናል። ይህንን ሳላውቅ በፊት በግምት ነበር የምገዛው።

ቤተሰባችሁ የማይወደውን ነገር "ለክፉ ቀን ይሆናል" ብላችሁ አትግዙ። ሰርዲን የማይበሉ ልጆች በጭንቅ ቀን ጭራሽ አይበሉም።

3. በየአስቤዛው አንድ ትርፍ

ዋናው ዘዴ ይህ ነው። ደመወዝ ወጥቶ አስቤዛ ስትሸምቱ፣ ከምትገዙት ላይ አንዱን ብቻ እጥፍ ግዙ። በዚህ ወር ጨው። በሚቀጥለው አንድ ኪሎ ምስር፣ ከዚያ አንድ ሊትር ዘይት። ከዚያ መኮሮኒ ወይም ሩዝ፣ ከዚያ ስኳር፣ ከዚያ ሳሙና። ጨውን ያስቀደምኩት ርካሽ ስለሆነና ነቀዝ ስለማይነካው ነው፤ መጀመር ይቀላል።

አዲስ የገዛችሁትን ከኋላ አስቀምጡ፣ የቆየውን ከፊት አድርጋችሁ ብሉ። የተቀመጠው ሁልጊዜ እየተበላ፣ እየተተካ መሄድ አለበት። ሳይነካ ሁለት ዓመት የተቀመጠ ሽሮ የነቀዝ ቀለብ ነው።

ጾም ሲደርስ ሒሳቡ ይለወጣል። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ዘይት፣ ምስርና ሽሮ ከወትሮው ቶሎ ያልቃሉ። የምትጾሙ ከሆነ ከቅበላ በፊት ባሉት ሁለት ወራት ትርፋችሁ እነዚህ ይሁኑ።

4. ብዙ መግዛት በወቅቱ

ጤፍ አዲሱ ምርት ገበያ የሚገባው ከታኅሣሥ ጀምሮ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ይወደዳል። ኩንታል ለመግዛት አቅም ከሌላችሁ ከሁለትና ከሦስት ጎረቤት ጋር ሆናችሁ አንድ ኩንታል ተካፈሉ። እኛ ፎቅ ላይ ለዚህ ብለን ትንሽ እቁብ ጀምረናል፤ ዕጣ የወጣለት ሰው በገንዘቡ እህል ይገዛበታል። ሸማቾች ማኅበርና የእሁድ ገበያም ዞር ብሎ ዋጋ ለማየት ጥሩ ናቸው።

ችግር ሲሰማ ግን ወደ ገበያ አትሩጡ። በመጋቢት 2012 ኮሮና ገባ ሲባል የነጭ ሽንኩርትና የሎሚ ዋጋ እንዴት ጣራ እንደነካ ሁላችንም እናስታውሳለን። ያኔ ተሻምቶ የሚገዛ ሰው ከሌላው አፍ ነው የሚነጥቀው። ሰላም በሆነ ቀን ቀስ እያለ የሚያስቀምጥ ግን ማንንም አይጎዳም።

5. ነቀዝና ሻጋታ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይከስራል፣ ስለዚህ በደንብ ላስረዳ።

በተቻለ መጠን እህሉን አስቀምጡ፣ ዱቄቱን ግን ለወር የሚሆነውን ብቻ አስፈጩ። ጤፍ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ ብዙም አይደፍረውም። ባላገሮች ባቄላን ወይም ሽምብራን ከጤፍ ጋር ቀላቅለው የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው። ጤፉ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚሞላው ነቀዝ መንቀሳቀሻ ያጣል። ሲፈለግ በወንፊት ይለያል።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ እፍኝ ባቄላ መዳፋችሁ ላይ ዘርግታችሁ ወደ ብርሃን ጠጋ በሉ። በመርፌ የተወጋ የመሰለ ክብ ቀዳዳ ካያችሁ ተዉት። ቤት ውስጥ ደግሞ የሽሮውን ዕቃ ክዳን አንስታችሁ ጠርዙን እዩ። ዱቄቱ በቀጭን ድር ተያይዞ ከተንጠለጠለ የብል ትል ገብቶበታል። ፍሪዘር ካላችሁ አዲስ የገዛችሁትን ክክና ሽሮ ገና ሲመጣ 4 ቀን ፍሪዘር ውስጥ አቆዩት። ከሌላችሁ እህሉን ሰሌን ላይ በደረቅ ፀሐይ አስጡና፣ ከበረደ በኋላ ክዳኑ ግጥም ብሎ በሚዘጋ ባልዲ ክተቱት። ትኩሱን ከዘጋችሁት ያልበዋል፤ ላበቱ ሻጋታ ያመጣል።

የሻገተ በርበሬ፣ ለውዝ ወይም በቆሎ ጠርጎ መብላት አይቻልም። ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ በማብሰል አይጠፋም፤ ጉበትንም ይጎዳል። መጣል ያንገበግባል፣ ግን ጣሉት።

አደራ የምላችሁ ሌላ ነገር አለ። ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ እህል ላይ የነቀዝ ክኒን አታድርጉ። ክኒኑ የሚያወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። በአንድ ክፍል ለሚኖር ቤተሰብ ጭራሽ የማይሞከር ነው።

6. እሳት የማይፈልግ ምግብ

መብራት ጠፍቶ ጋዝም ሲያልቅ የሚበላ ያስፈልጋል። ለዚህ እናቶቻችን መልሱን ድሮ ጨርሰውታል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ።

እኔ በሶን አስቀድማለሁ። ገብሱ ቀድሞ ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ ምድጃ አይፈልግም። በውሃና በትንሽ ጨው ወይም ስኳር በጥብጦ መጠጣት ይቻላል። በዘይት ወይም በቅቤ ታሽቶ ጭብጦ ሲሆን ደግሞ ልጆች በእጃቸው ይዘው ይበሉታል። ሁለት ኪሎ በሶ ቤታችን ውስጥ አይጠፋም።

ድርቆሽ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ፀሐይ ይሠራ። እንጀራውን ቆራርሳችሁ ሳትደራርቡ አስጡ፣ ማታ ማታ አስገቡ። በጣት ስትሰብሩት ቀጭ ማለት አለበት። ከተጣጠፈ ገና ነው፤ ያ እርጥበቱ ሙሉውን ዕቃ ያሻግተዋል።

7. መብራትና ማብሰያ

ባትሪ ከነትርፍ ድንጋዩ፣ ሻማ፣ ክብሪት፣ የተሞላ ፓወር ባንክ፣ በድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ሬድዮ። ከተቻለ ትርፍ የጋዝ ሲሊንደር። ሲሊንደሩ አየር በሚያገኝበት ቦታ ቀጥ ብሎ ይቁም።

ከሰል የምታስቀምጡ ከሆነ ደረቅ ቦታ ይሁን። ግን የተቀጣጠለ ከሰል ይዛችሁ በተዘጋ ቤት አትተኙ። ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ቀልቶ ሲታይ አደጋው ያለፈ ይመስላል። የሚገድለው ጋዝ ግን አይታይም፣ አይሸትም። ለብርድ ብለው ፍም አስገብተው በዚያው የቀሩ ሰዎች አሉ። በሩንና መስኮቱን ክፈቱ፣ ከመተኛታችሁ በፊት ምድጃውን ወደ ውጭ አውጡ።

8. በር አጠገብ የሚቀመጥ ቦርሳ

አንድ የትምህርት ቤት ቦርሳ ይበቃል። የሚገባበት ይኸው፦ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሃይላንድ ውሃ፣ ቆሎና በሶ፣ ባትሪ፣ ፋሻና ፓራሲታሞል፣ የዘወትር መድኃኒት ያለው ሰው ካለ የሳምንቱ፣ ኦአርኤስ፣ የልጆች ሹራብ፣ የንጽሕና መጠበቂያ። የኦአርኤሱ አንድ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ነው የሚበጠበጠው፤ ቀንሳችሁ አታወፍሩት።

የመታወቂያ፣ የልደት ካርድና የቤት ካርታ ኮፒ በላስቲክ ጠቅልሉ። ጥቂት ጥሬ ብርም ጨምሩ፣ ዝርዝር ቢሆን ይመረጣል። ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብር አይከፍልም። አስፈላጊ ስልክ ቁጥሮችን በወረቀት ጻፉ፣ ስልኩ ሲዘጋ ስንቱን በቃላችን እንይዛለን?

እኛ ቦርሳውን በዓመት ሁለት ጊዜ እንከፍታለን፤ ጳጉሜን ላይና ከፋሲካ በኋላ። ቆሎው ይበላል፣ ውሃው ይለወጣል፣ የመድኃኒቱ ቀን ይታያል። ባለፈው ጳጉሜን ስንከፍተው የትንሿ ልጄ ሹራብ ክርኗ ላይ ቀርቷል። የታላቋን አስገባንላት።